ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው አገር? የጥገናና የተሽከርካሪ ታሪክ መጻሕፍት አመራረጥ

በፋሐሂል በቤት ሹፌርነት ወይም በጋራዥ ረዳትነት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከወር ደመወዙ ቀንሶ የመኪና ጥገና መጽሐፍ ለመግዛት ሲነሣ ትልቁ ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት አይደለም። ዛሬ በእጁ ያለው መኪና በአብዛኛው ቤንዚን የሚጠቀም፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያለውና ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት የተዘጋጀ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ደግሞ የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ፒክአፕ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ ሚኒባስ፣ ወይም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እየበዛ የመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ለአንዱ የተጻፈ መጽሐፍ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት መጽሐፉ ለየትኛው መኪና እንደተጻፈና በየትኛው አገር እንደሚያገለግል መለየት ይኖርበታል።

ፋሐሂል ራሷ የመኪና ዘመን ያሳደጋት ከተማ ናት። በአሕመዲ አስተዳደር በባሕር ዳር የምትገኘው ይህች ስፍራ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1938 በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ፤ በ1946 ደግሞ የመጀመሪያው ድፍድፍ ዘይት ከአጎራባቹ የሚና አል አሕመዲ ወደብ በመርከብ ተጫነ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በኩዌት በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በአካባቢው ባለው የምሥራቅ አሕመዲ የኢንዱስትሪ ቀጣና ጋራዦች ተደርድረው ይታያሉ። በሰሜን በኩል በሹዌኽ ያለው የጋራዥና የመለዋወጫ ሠፈር ደግሞ በአገሪቱ ስመ ጥር ነው። ሙያውን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም ማለት ነው።

ስለ ጥገና የሚናገሩ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ገንዘብ በከንቱ የሚባክነውም ብዙ ጊዜ ዓይነታቸውን ካለመለየት የተነሣ ነው። የመጀመሪያው ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣውና በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ተረስቶ የሚቀመጠው የባለንብረቱ መመሪያ ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው መጽሐፍ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚነበበውም እርሱ ነው። የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ የጎማው የንፋስ ልክ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ እያንዳንዱ መብራት ምን ማለት እንደሆነ፣ ዘይትና ፊልትሮ በስንት ኪሎ ሜትር መለወጥ እንዳለበት በውስጡ ተጽፏል። በቤት ሹፌርነት የሚሠራ ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ይህንን ከዳር እስከ ዳር ቢያነብ፣ ከአሠሪው ጋር ስለ መኪናው ሲነጋገር ቃሉ ክብደት ያገኛል።

ሁለተኛው የጋራዥ ሥራ መመሪያ ነው። ይህ ስለ አንድ ሞዴል ብቻ፣ ያውም በተወሰኑ ዓመታት ስለተሠራው፣ ከአፈታት እስከ አገጣጠም በዝርዝር የሚናገር ነው። በዚህ ዘርፍ በዓለም የታወቀው የእንግሊዙ የሄይንስ መመሪያ ሲሆን፣ የአጀማመሩ ታሪክ ለቀይ ባሕር አካባቢ ሰው ቅርብ ነው። በ1965 ጆን ሄይንስ በእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባነት በኤደን ሳለ የአንድ ጓደኛውን አነስተኛ የስፖርት መኪና ለማደስ ይረዳ ጀመር። ፋብሪካው ያወጣው መመሪያ ለተራ ሰው የማይገባ ሆኖ ስላገኘው ካሜራ ገዝቶ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ፎቶግራፍ አነሣ። ከዚህ የተወለደው የመጀመሪያው መመሪያ በ1966 ታተመ። የዘዴው ቁም ነገር ቀላል ነው፦ ጸሐፊው መኪናውን በገዛ እጁ ፈትቶ መልሶ ከገጠመ በኋላ ይጽፋል። ዛሬም የማንኛውም ጥገና መጽሐፍ ዋጋ በዚሁ ይለካል። ብሎኑን የነካ ሰው የጻፈው ገጽ የትኛው ብሎን እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ጓርኒሲዮን ዳግመኛ እንደማያገለግል ያስጠነቅቃል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መመሪያ ለኩዌትም ሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ወጥመድ አለው። የሄይንስ መጻሕፍት በአብዛኛው የተዘጋጁት በብሪታንያ ወይም በአሜሪካ ለተሸጡ መኪኖች ነው። የአንድ ሞዴል ስም በዓለም ዙሪያ አንድ ቢሆንም ሞተሩ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። የቶዮታ ሃይሉክስ ከ1968 ጀምሮ ሲመረት የኖረ ስም ነው፤ በኩዌት የሚነዳው ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ሲሆን በኢትዮጵያ የተለመደው ናፍጣው ነው። የላንድክሩዘር 70 ተከታታይም ከ1984 ወዲህ ቅርጹን ብዙም ሳይለውጥ ሲቆይ፣ ከኮፈኑ ሥር ግን በርካታ የሞተር ዓይነቶች ተፈራርቀውበታል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያለው የመኪና ፎቶግራፍ ማስረጃ አይሆንም። የሞተሩ መለያ ኮድ በመኪናው መለያ ሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ ያው ኮድ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ከተዘረዘሩት መካከል ከሌለ መጽሐፉ የሌላ መኪና ነው።

ሦስተኛው የትምህርት መጽሐፍ ነው። ስለ አንድ መኪና ሳይሆን ስለ መኪና በጠቅላላው፣ ሞተር እንዴት እንደሚቃጠል፣ ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ፣ ኤሌክትሪክ በሽቦ እንዴት እንደሚዞር ያስተምራል። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መካከል የጄምስ ሃልደርማንና የጃክ ኤርጃቬክ መጻሕፍት በቴክኒክ ኮሌጆች ዘንድ የታወቁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ1,500 ገጽ በላይ የሚይዙ በመሆናቸው ለጀማሪ ያስፈራሉ። እንግሊዝኛው ገና ለሚከብደው ሰው የቶም ኒውተን በሥዕል የተሞላ ቀጭን መጽሐፍ ወይም ዲያና ስክላር ለፍጹም ጀማሪዎች ያዘጋጀችው የተሻለ መነሻ ይሆናል። ሙያውን መተዳደሪያው ለማድረግ የወሰነ ሰው ግን ከትልቁ መጽሐፍ መሸሽ አይችልም፤ የጋራዥ መመሪያው «ይህን ፍታ» ሲል፣ ለምን እንደሚፈታ የሚነግረው የትምህርት መጽሐፉ ነውና።

አንድን መጽሐፍ በመደብር ውስጥ ቆሞ ለመፈተን አምስት ደቂቃ ይበቃል። በቅድሚያ የታተመበትን ዓመት መመልከት ነው። ቀጥሎ ስለ አየር ማቀዝቀዣው የሚናገረውን ምዕራፍ መግለጥ ነው። በዚያ የተጠቀሰው ጋዝ አር 12 ብቻ ከሆነ መጽሐፉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት ያለውን ዘመን የሚናገር ነው፤ አር 134ኤ ካለ ወደ እኛ ቀርቧል፤ አር 1234ዋይኤፍ ካለ ደግሞ የቅርብ ጊዜ እትም ነው። ከዚያም አንድ ተራ ሥራ፣ ለምሳሌ ዘይት መለወጥን መርጦ ማንበብ ነው። ጥሩ መጽሐፍ የዘይቱን መጠን በሊትር፣ የማስወገጃውን ብሎን የማጥበቂያ ኃይል በኒውተን ሜትር ይሰጣል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ሳለ ከሥሩ መግባት እንደማይገባ ይናገራል፤ አሮጌው ዘይት የት እንደሚጣልም አይረሳም። «በደንብ አጥብቅ» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ግን ልኩን ራሱም አያውቀውም።

የስህተት ኮድ የሚተነትነውንም ክፍል ማየት ይገባል። በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ በተሸጡ መኪኖች ላይ የግዴታ የሆነው የምርመራ ሥርዓት ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ይገኛል። መሣሪያው ሲሰካ ለምሳሌ ፒ 0300 የሚል ኮድ ቢያወጣ ትርጉሙ በሞተሩ ውስጥ ያለ ሥርዓት የሚዘለል ማቃጠል አለ ማለት ብቻ ነው። ጥፋቱ ከካንዴላ፣ ከኮይል፣ ከነዳጅ ፖምፓ ወይም ከሚያፈስ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል። ኮዱን አይቶ «ካንዴላ ለውጥ» የሚል መጽሐፍ ለመለዋወጫ ሻጩ እንጂ ለአንባቢው አይጠቅምም። በየደረጃው ምን እንደሚለካና ልኬቱ ስንት መሆን እንዳለበት የሚያሳየውን መምረጥ ነው። በስልክ የሚታዩ አጫጭር ቪዲዮዎችም እጅን ለማስለመድ ይረዳሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ቁጥር አይሰጡም፣ ከሰጡም ለሌላ ሞተር ሊሆን ይችላል።

የአየር ጠባይ ጉዳይ በውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። በኩዌት ሰሜናዊ ምዕራብ በሚትሪባ ጁላይ 21 ቀን 2016 የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት የተረጋገጠ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት የባትሪ ዕድሜ ያጥራል፤ ጎማም ብዙ ሳይነዳ ያረጃል። ለእንግሊዝ ብርድ የተጻፈ መጽሐፍ ባትሪ በክረምት ጧት እንዴት እንደሚደክም በሰፊው ሲተርክ፣ በበጋ ቀትር ስለሚሞተው ባትሪ ዝም ሊል ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህንን የማያስተምር መጽሐፍ ለባሕረ ሰላጤው ሹፌር ጎደሎ ነው። በአንጻሩ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ውሃም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን በትክክል መያዙ ከባሕር ጠለል ይልቅ እዚያ የበለጠ ያሳስባል። በባሕር ዳር የተማረውን ወደ ደጋ የሚወስድ ሰው፣ የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ምክንያት ጭምር መያዝ አለበት።

የቋንቋው ነገር ሰፊ ነው። የኢትዮጵያ መካኒክ የሥራ ቋንቋ ግማሽ ጣልያንኛ ነው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ማርሚታ ድስት ነው፤ ባልስትራ ደግሞ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነበር። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። የተሽከርካሪው ደብተር ሊብሬም፣ የዓመቱ ምርመራ ምልክት ቦሎም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በአዲስ አበባ ጋራዥ ያደገ ሰው በፋሐሂል ጋራዥ ሲገባ ግን መሪውን ሱካን፣ ጎማውን ታየር፣ ማርሹን ጌር ሲሉ ይሰማል። የገዛው መጽሐፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ካንዴላን ስፓርክ ፕለግ፣ ፍሪሲዮንን ክለች፣ ባልስትራን ሊፍ ስፕሪንግ፣ ቴስታታን ሲሊንደር ሄድ ይለዋል።

እንግሊዝኛውም ቢሆን አንድ አይደለም። በብሪታንያ መጽሐፍ ኮፈን ቦኔት ሲባል በአሜሪካው ሁድ ነው፤ ቤንዚን በብሪታንያ ፔትሮል ሲሆን በአሜሪካ ጋስ ይባላል። ይህን የማያውቅ አንባቢ «ጋስ» የሚለውን ሲያይ በሲሊንደር የሚሞላውን ጋዝ ሊመስለው ይችላል። በሁለቱም አገር የታተሙ መጻሕፍትን እያቀላቀለ የሚያነብ ሰው በመጽሐፉ ጀርባ የቃላት መፍቻ ያለውን ቢመርጥ ይጠቀማል። አማርኛውን፣ የመጽሐፉን እንግሊዝኛና የኩዌቱን የጋራዥ ዐረብኛ ጎን ለጎን የሚጽፍበት አንድ ደብተር ቢይዝ ደግሞ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ ራሱ በየትኛውም መደብር የማይገኝ መጽሐፍ ይሆንለታል።

ወደ አገር ቤት የሚመለሰውን ሰው በይበልጥ የሚመለከተው የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ይህ ማለት የናፍጣ ሙያ ነገ ይሞታል ማለት አይደለም፤ በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ጥገና ይሻሉ። ነገር ግን ዛሬ ሙያ የሚጀምር ወጣት ስለ ካርቦራቶር ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ይዞ ቢመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ቶም ዴንተን ስለ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ ተሽከርካሪዎች የጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው በ2016 ነው፤ ሃልደርማንም በዚሁ ርእስ የጻፋቸው አሉ። እነዚህን ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የደኅንነቱን ምዕራፍ ማየት ይገባል። የተለመደው ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን የኤሌክትሪክ መኪናው ዋና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፤ ኃይሉን የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ብርቱካናማ የሚቀቡትም ለማስጠንቀቂያ ነው። ኃይሉ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ ከተቋረጠ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠበቅና በምን እንደሚለካ ሳያስረዳ ወደ ጥገናው የሚገባ መጽሐፍ ሰው ይገድላል። ከመልካሙም መጽሐፍ ቢሆን ይህን ሥራ ያለ አሠልጣኝ መማር አይቻልም።

የተሽከርካሪ ታሪክ መጽሐፍ ለመካኒክ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ይመስላል። ይሁንና የአየር ማቀዝቀዣው ጋዝ ለምን እንደተለወጠ የሚያስረዳው የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ታሪክ ነው፤ የደኅንነት ቀበቶና ሌሎች መከላከያዎች በሕግ እንዴት እንደመጡ የሚያሳየው ደግሞ ራልፍ ኔደር በ1965 የአሜሪካን አምራቾች የከሰሰበት መጽሐፍ ነው። የኔደር መጽሐፍ በወጣ በዓመቱ አሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ሆኖም በመጀመሪያው ምዕራፍ የተወነጀለችው የሼቭሮሌት ኮርቬይር መኪና በ1972 በመንግሥት ጥናት ስትመረመር ከዘመኗ አቻዎች የከፋች ሆና አልተገኘችም። የሕዝብ ጥቅም ያስገኘ መጽሐፍም በዝርዝሩ ሊከራከሩበት ይቻላል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። በ1907 እና በ1908 መካከል ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መኪና ለማድረስ ሁለት አውሮፓውያን ተሽቀዳድመዋል፤ አንዱ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌ፣ ሌላው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ። መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አልፎ ቀድሞ አዲስ አበባ የገባው ቤንትሌ መሆኑ ይነገራል። የሆልትስ መጽሐፍ በጀርመንኛ በ1908 ወጣ፤ የቤንትሌን ጉዞ የሚተርከው የክሊፎርድ ሃሌ መጽሐፍ በለንደን በ1913 ታተመ። ሁለቱም የየራሳቸውን ጀግና ያገናሉ፤ መኪናዋን በገመድ የጎተተው፣ መንገድ የጠረገው፣ ውሃ የቀዳው የአገሬው ሰው ግን በሁለቱም የታሪኩ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ የታሪክ መጽሐፍ ሲመረጥ ደራሲው ከማን ወገን እንደቆመ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዘመኑን በሰፊው ለመረዳት የሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክ (ከ1800 እስከ 1935 ያለውን የሚሸፍነውና በ1968 የታተመው) መንገዱን፣ የባቡር ሐዲዱንና ንግዱን አያይዞ ያቀርባል። ከዚያ ወዲህ ስላለው፣ ስለ ኤንትሬ የጭነት መኪኖች፣ ስለ ቮልስና ስለ ላዳ ታክሲዎች፣ ብዙው ታሪክ ገና በአሮጌ መካኒኮች አንደበት ላይ ነው። የቮልስ ባለቤት የሆነ ሰው ግን ጆን ሙር በ1969 ያሳተመውን የጥገና መጽሐፍ ቢያገኝ ታሪክም ጥገናም በአንድ ላይ ያገኛል፤ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ መጽሐፉ ለሌላ መኪና እንደማይሆን ማስታወስ ብቻ ነው።

የኩዌትም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የቤልጅየም ሥሪት የሆነችው ሚነርቫ በሼክ ሙባረክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባች የመጀመሪያዋ መኪና ተብላ ትታወቃለች፤ ይኸውም ምኒልክ መኪና ካዩ ጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በሹዌኽ የሚገኘው የታሪካዊና የክላሲክ መኪኖች ሙዚየም ደግሞ በመጽሐፍ የተነበበውን ብረት በአካል ያሳያል። የካርቦራቶርን ምዕራፍ ያነበበ ሰው አንድ ዓርብ ከሰዓት እዚያ ቢያሳልፍ አይቆጨውም።

መጽሐፍ ፍለጋን በተመለከተ፣ በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር በሚሽሪፍ የሚካሄደው የኩዌት ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ለፋሐሂል ነዋሪ ከከተማው ይልቅ ይቀርባል። በሐወሊ ያሉ የመጻሕፍት መደብሮች በማንኛውም ወቅት ይጎበኛሉ። ትልልቆቹን የትምህርት መጻሕፍት በአሮጌ እትም መግዛት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ስለ ፍሬን፣ ስለ ባልስትራና ስለ ሞተር አካል የሚናገሩት ምዕራፎች ከእትም ወደ እትም ብዙ አይለወጡም። የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ ምዕራፎች ግን ቶሎ ያረጃሉ፤ በእነዚህ አዲሱን መግዛት ይሻላል። ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሰዎች ከጁን እስከ ኦገስት ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በፀሐይ እንዳይሠሩ በሕግ የተከለከለበት ጊዜ አንዳንዶቹን ምዕራፎች ለማንበብ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በቤት ሠራተኛነት ፈቃድ የሚኖር ሰው መጽሐፍ አንብቦ ዕውቀት ቢያገኝም፣ ከአሠሪው ውጭ በጋራዥ ተቀጥሮ ወይም በግሉ መኪና እየጠገነ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም፤ ከተያዘ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። የአሠሪውንም መኪና ቢሆን ያለ ፈቃድ መፍታት ዋስትናውን ሊያፈርስ ስለሚችል፣ መመሪያው ለሹፌሩ ከተወው ሥራ፣ ማለትም ዘይትና ውሃ ከማየት፣ የጎማ ንፋስ ከመለካትና ባትሪ ከመመርመር አልፎ ለመሄድ ባለንብረቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።